የጥሪ መስመሮች ውዝግብ፦ ከአይቢኤም ፒሲ እስከ ዊንዶውስ 95

ዛሬ የማቀርበው በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ስፍራ ያልተሰጠውን ጉዳይ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የተሰኩ ካርዶች ስለ ምን ይጋጩ ነበር? የማስታረቁስ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ወደቀ?

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ የመሣሪያዎችን ጥሪ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያደርስ፣ 8259 የተባለ የኢንቴል ቺፕ ነበረው። ቺፑ ስምንት የጥሪ መስመሮች አሉት። በ1984 በፒሲ ኤቲ ላይ ሁለተኛ 8259 ታከለ፤ አንዱ መስመር ሁለቱን ቺፖች ለማገናኘት ስለዋለ ግን ለሥራ የተረፉት 15 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ኪቦርዱ 1ን፣ የፍሎፒ መቆጣጠሪያው 6ን፣ የመጀመሪያው የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ 14ን ይዘዋል። አይሳ በተባለው መሰኪያ ደግሞ ሁለት ካርዶች አንድ መስመር በአስተማማኝ ሁኔታ መጋራት አይችሉም ነበር።

ማውስ በኮም 1፣ ሞደም በኮም 3 ላይ ቢሆኑ፣ ሁለቱም በልማድ መስመር 4ን ስለሚጠቀሙ፣ ሞደሙ ሲደውል ማውሱ ይደርቃል። ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ካርዶቹን አውጥቶ፣ አንድ በአንድ እየመለሰ ጠበኛውን ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም ጃምፐር የምትባለውን ትንሽ ማያያዣ ከፒን ወደ ፒን ያዛውራል።

ብዙዎች ለዚህ የመስመሮቹን ማነስ ተጠያቂ ያደርጋሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የጋራ ዳኛ መታጣቱ ነው እላለሁ። መፍትሔው አስቀድሞ ተገኝቶ ነበርና። አይቢኤም በ1987 ከፒኤስ/2 ጋር ያወጣው ማይክሮ ቻናል ካርዶችን ያለ ጃምፐር በሶፍትዌር ያደላድል፣ መስመር መጋራትንም ይፈቅድ ነበር። ይሁን እንጂ ባለቤትነቱ የአይቢኤም በመሆኑ ሌሎች አምራቾች ፈቃድ መግዛት ነበረባቸው። በኮምፓክ የተመሩ ተፎካካሪዎች በ1988 ኢአይሳ የተባለውን የራሳቸውን ደረጃ አወጡ፤ ርካሹ ገበያ ግን በአሮጌው አይሳ ላይ ቀረ።

በ1993 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ለአይሳ ካርዶች «ፕላግ ኤንድ ፕሌይ» የተባለውን ስምምነት አወጡ። በነሐሴ ወር 1995 (እ.ኤ.አ. ኦገስት) የወጣው ዊንዶውስ 95ም መስመሮችን ራሱ ማደል ጀመረ፤ የተጋጨውንም መሣሪያ በቢጫ ላይ በቃለ አጋኖ ምልክት ያሳይ ነበር። ዳሩ ግን ጃምፐር ያላቸው አሮጌ ካርዶች ትእዛዙን አይሰሙም። ስለዚህ ባለቤቱ የእነርሱን መስመር ለይቶ ማስጠበቅ ነበረበት። ተጠቃሚዎችም አሠራሩን «ሰክተህ ጸልይ» በሚል ትርጉም ተሳለቁበት። ጠቡ የበረደው መስመር መጋራት የሚችለው ፒሲአይ አይሳን ቀስ በቀስ ሲተካ ነው።

ክፍት የሆነው ገበያ የካርድ ብዛትና የዋጋ ርካሽነት ሰጥቶናል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም አምራቾች ያልተስማሙበት ጉዳይ አልጠፋም፤ ከጉባኤያቸው ወጥቶ በገዢው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዛሬም ስለ አንድ ቴክኒካዊ ደረጃ ስንከራከር፣ ስምምነት ቢጠፋ ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።