የባሌስትራ ጉልበት ከገጹ ላይ ነው

ከመጠን በላይ ያልጫነ፣ ጉድጓድም ያልገባ የጭነት መኪና በለጥ ያለ አስፋልት ላይ እየሄደ ባሌስትራው ሲሰበር ሹፌሩ መገረሙ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በብረቱ ጥራት ላይ ይላከካል። ስብራቱ ግን በአብዛኛው የዚያን ዕለት የመጣ አይደለም፤ ከብረቱ ገጽ ጀምራ በየጉዞው ጥቂት በጥቂት ስታድግ የከረመች ስንጥቅ ውጤት ነው።

የብረት ድካም

ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት በቀላሉ የሚችለውን ኃይል፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ላይችለው ይችላል። መሐንዲሶች ይህንን የብረት ድካም ይሉታል። ጉዳዩ ሰፊ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦገስት ቮለር በባቡር አክስሎች ላይ ተከታታይ ሙከራ አድርጎ፣ ተመላላሽ ጭነት ብረትን ከአቅሙ በታች በሆነ ኃይል እንደሚሰብር አሳየ።

ድካም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከገጽ ነው። ብረት ሲታጠፍ ይበልጥ የሚሳበው የውጪው ክፍል ሲሆን፣ ጭረትና የዝገት ጉድጓድም የሚገኙት እዚያው ነው።

ገጹ እንዴት ይጠነክራል?

የባሌስትራ አምራቾች የሚጠቀሙበት ዘዴ «ሾት ፒኒንግ» ይባላል። ጥቃቅን የብረት እንክብሎች በከፍተኛ ፍጥነት እየተወረወሩ ገጹን ይደበድቡታል። የተደበደበው ገጽ ወደ ጎን ሊሰፋ ሲፈልግ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚይዘው፣ ዘወትር እንደተጨመቀ ይቀራል። ጭነት ገጹን ለመሳብ ሲመጣ አስቀድሞ ይህንን ጭምቀት ማሸነፍ አለበት፤ ስንጥቅም በቀላሉ አይከፈትም። በ1940ዎቹ የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ የነበረው ጆን አልመን የድብደባውን ኃይል በቀጭን የብረት ሰሌዳ መታጠፍ የሚለካበትን መንገድ ያበጀ ሲሆን፣ ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ችግሩ የዚህ ንብርብር ስስነት ነው። ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ገጹ በመፋተግ ወይም በዝገት ጥቂት ሲበላ የሚጠፋው ትንሽ ብረት ቢመስልም፣ በእርግጥ የሚጠፋው የዕቃው መከላከያ ነው።

ገጹን የሚበሉት

በባሌስትራ ላይ ዋናው ጠላት መፋተግ ነው። ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር በጥቂቱ ይንሸራተታሉ። በመካከላቸው ቀይ ቡናማ ዱቄት ከታየ ገጹ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ጥቃቅን መፋተግ የብረትን የድካም አቅም በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ጭቃና ውኃ ሲጨመሩበት ደግሞ ዝገቱ ጉድጓድ እየቆፈረ ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች በአምራቹ ልክ መጥበቅ፣ አዲስ ከተገጠሙ በኋላም ጥቂት ተጉዞ እንደገና መፈተሽ አለባቸው። በብረቶቹ ጫፍ መካከል የሚገባው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ማስቀመጫ ሲያልቅ መቀየር አለበት። ዚንክ ያለበት ቀለም ዝገትን ይከላከላል። ግራሶ የሚቀባው ግን አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚፈጸም አንድ ስህተትም አለ። የረገበ ባሌስትራ በእሳት ግሎ ሲቀና ቅርጹ ይመለስ ይሆናል፤ ጭምቀቱ ግን ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ መላቀቅ ይጀምራል። አጠገቡ ብየዳ መሥራትም ያው ነው። ዕቃው ከተቀና በኋላ እንደገና ሙቀት ታክሞ ካልተደበደበ እንደ አዲስ ሊቆጠር አይገባም።

መለበጥ ብቻውን አይበቃም

«ጠንካራ ነገር ቢለበጥበትስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ልባጩ ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። በአውሮፕላን ማረፊያ እግሮች ላይ ለረጅም ዓመታት ሲለበጥ የኖረው ጠንካራ ክሮም መፋተግን ቢቋቋምም፣ በውስጡ ጥቃቅን ስንጥቆች ስላሉበት የብረቱን የድካም አቅም ይቀንሳል። ስለዚህም ብረቱ በቅድሚያ ይደበደባል፣ ከዚያ ይለበጣል፤ በልበጣው ወቅት የገባው ሃይድሮጅን ብረቱን ተሰባሪ እንዳያደርገውም በ190 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይጋገራል። ለልበጣው የሚውለው የክሮም ውሁድ ካንሰር አምጪ በመሆኑም፣ በብዙ ቦታ በከፍተኛ ፍጥነት በሚረጭ የተንግስተን ካርባይድ ልባጭ እየተተካ ነው።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለሞተርም ይሠራል። ገጹ በናይትሮጅን የጠነከረ ክራንክ ሻፍት በእድሳት ጊዜ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ሲላግ፣ ጠንካራው ንብርብር ሊሳሳ ወይም ጨርሶ ሊወገድ ይችላል። ባለንብረቱ ሥራውን ከመረከቡ በፊት «ከተላገ በኋላ ገጹ እንደገና ጠንክሯል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከሁለተኛ የሞተር ወጪ ሊያድነው ይችላል።