የአሮጌ አውቶሞቢል ቀለምና አፋፋቁ

አሮጌ አውቶሞቢል በግቢው ውስጥ ሊያድስ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እጁን የሚያሳርፈው በቀለሙ ላይ ነው። በወላይታ ሶዶ ከተማም ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች አይታጡም። ነገሩም የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግሎት የሰጠ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አባት ለልጁ የተወው ቮልስ ወይም ላንድሮቨር በቀላሉ የማይጣል ሀብት ሆኗል። ዳሩ ግን መፋቂያውን ከማንሣቱ በፊት የሚፍቀው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ በረሓውንና ዳገቱን አቋርጦ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ አቀረበ። በዚያን ዘመን የመኪና ቀለም በብሩሽ እየተደጋገመ የሚቀባ የዘይት ቀለምና ቬርኒሽ ስለ ነበረ፥ አንዱ ሽፋን ደርቆ ሌላው እስኪደረብ ድረስ ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ መሸጡ የታወቀ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ከናይትሮሴሉሎስ የሠራው ዱኮ በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ ሲውል፥ በመርጫ የሚረጭ፥ ቶሎም የሚደርቅ ቀለም ተገኘ፤ መኪናም በየመልኩ ያጌጥ ጀመር።

ወላይታ ግን በዚያን ጊዜ ገና የበቅሎ አገር ነበረች። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሰዎች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሶዶ የደረሱት በበቅሎ ነው። ከዚያም የኢጣልያ ወረራ መጣ፤ ሶዶም በግንቦት 1933 ዓ.ም. ከወራሪው እጅ ወጣች። ወራሪው ቢሄድም ቃሉ በጋራዡ ቀረ። ዛሬ የሶዶ ባለሙያ ራሱን ባትላሜራ ሲል ላሜራ ቀጥቃጭ ማለቱ ነው፤ የሞተሩን ክዳን ኮፋኖ ሲል ሣጥን ማለቱ ነው፤ ፓራፋንጎ ሲል ጭቃ መከላከያ ማለቱ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ስም በዳሞታ ተራራ ግርጌ በክረምት ለሚነዳ ሰው እንዴት ያለ ተስማሚ ስም ነው! ስንጥቁ የሚደፈንበትም ስቱኮ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው።

ቃል እንዲህ ታሪክን እንደሚይዝ ሁሉ ቀለምም ይይዛል። ታክሲ የነበረ መኪና ለግል ሲዞር ባለቤቱ በላዩ ሌላ ቀለም ያስቀባል፤ የበሩ የውስጥ ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ፥ የአዲስ አበባ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ከዚያ ይገኛል። መሥሪያ ቤቶችም ስማቸውን በመኪናቸው በር ላይ የማስጻፍ ልማድ አላቸው፤ መኪናው በጨረታ ሲሸጥ ስሙ ይሸፈናል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም። ሶዶ ደግሞ እንደ ዋዱ ያለ፥ በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ብድር የተነሣ ታላቅ የእርሻ ልማት ድርጅት የነበረባት ከተማ ናት። አንድ ወዳጄ ላንድሮቨሩን በኤሌክትሪክ መፍጫ ሲፍቅ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፥ በነጩም ላይ ጥቁር ፊደል ብቅ አለ። ሁለት ፊደል ብቻ ነበር የተረፈው፤ የቀረውን መፍጫው በልቶታል። ያ መኪና የማን እንደ ነበረ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ጥፋት በአንድ ሰዓት ሥራ የሚድን ነው። በማይታይ ስፍራ ሳንቲም የምታህል ቦታ መርጦ፥ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከሩ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ሽፋኖቹ እንደ ዛፍ ቀለበት አንዱ በአንዱ ውስጥ ይታያሉ፤ የመጨረሻው ክብ የፋብሪካው ቀለም ሊሆን ይችላል። በሮቹም እንደዚሁ በእጅ ቢፋቁና ፎቶግራፍ ቢነሡ መልካም ነው።

የአካሉንም ዓይነት ማወቅ ያሻል። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለ ነበረ፥ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ኮስቲክ ሶዳ የዘይት ቀለምን ከብረት ላይ ያነሣል፤ አሉሚኒየምን ግን ራሱን ይበላዋል። ቮልስ በአንጻሩ ብረት ነው፤ አራቱም ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሠሩ ስለ ሆኑ ተፈትተው ለየብቻ ይፋቃሉ፤ መፍጫ ግን ስሱን ላሜራ በሙቀት ያጣምመዋል። የተራቆተ ብረት በእርጥብ አየር ፈጥኖ ስለሚዝግ፥ ሥራው በበጋ ቢሆንና የተፋቀው በዚያው ዕለት ፀረ ዝገት ቢቀባ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እርሳስ ነው። በቀድሞ ቀለሞች፥ በተለይ በቢጫው፥ በብርቱካናማው፥ በአረንጓዴውና በቀዩ ፀረ ዝገት ውስጥ የእርሳስ ውህድ ይገባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን ደም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የለም ይላል። የወላይታ ገበሬ ደግሞ ፍግ እየመገበ ያለማው፥ ዳርኮዋ የሚለው ለም መሬት በቤቱ ዙሪያ ነው፤ እንሰቱም ከደጁ ነው፤ ልጆቹም የሚጫወቱት ከዚያው ነው። በደረቅ መፍጫ የተነሣ ብናኝ የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው፤ በእሳት ማቃጠልማ እርሳሱን ወደ ጢስ ይለውጠዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት የተቀባውን ከመኪናው ላይ አያነሣውም። ስለዚህ ሠራተኛው ከእንሰቱ ርቆ መሬቱን በላስቲክ ያልብስ፤ እያራሰ ይፋቅ፤ አፍንጫውን በተገቢ መከላከያ ይሸፍን፤ ፍቅፋቂውን ጠቅልሎ ልጅና ከብት ከማይደርሱበት ያኑር፤ የሥራ ልብሱንም ከቤቱ ልብስ ለይቶ ያጥበው።