ራስጌ የሌለው ጠረጴዛ

አናጢ ጠረጴዛ ሲታዘዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት ነው። በ1968 ማብቂያ ፓሪስ ላይ ስለ ቬትናም ሊነጋገሩ የተገናኙት ወገኖች ግን «ሁለት ነን ወይስ አራት?» በሚለው ሳይግባቡ፣ በጠረጴዛ ቅርጽ እየተከራከሩ ሳምንታት አሳለፉ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በክብ ጠረጴዛ የተስማሙት በጃንዋሪ 1969 ነበር፤ ጦርነቱ ግን ጠረጴዛ እስኪሠራ አልጠበቀም።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የፖላንዱ ነው። የኮሚኒስቱ መንግሥት በ1981 በወታደራዊ አዋጅ ያፈነውን «ሶሊዳሪቲ» የተባለ የሠራተኞች ማኅበር፣ የ1988ቱ የሥራ ማቆም አድማ አስገድዶት ሊያነጋግር ተስማማ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኪሽቻክና በዚያ አዋጅ ታስረው የነበሩት ሌክ ዋሌሳ በአንድ ገበታ ሊቀመጡ ነው። ከሁለቱ ማን ራስጌ ይቀመጣል? መልሱ ሄንሪኩፍ ከሚገኘው የቤት ዕቃ ፋብሪካ መጣ፤ 57 ሰው የሚያስቀምጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክብ የእንጨት ጠረጴዛ። ይህን የሚያህል ነገር እንደ ተሠራ በየትኛው በር ይገባል? ስለዚህ በ14 ቁራጭ ተከፍሎ ተሠራ፣ በቦታው የሚገጣጠም።

ሒሳቡን በወረቀት ሞከርኩት (የባንክ ሰው ልማድ ነው)፤ ዙሪያው 28 ሜትር ግድም፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግማሽ ሜትር ብቻ። ከጎረቤት ጋር ክርን ለክርን ያነካካል፤ ከፊት ለፊት ያለው ባላጋራ ግን ሩቅ ነው። በዓለም የምራቅ መትፋት ክብረ ወሰን 8 ሜትር ስለሆነ ነው እየተባለ ተቀልዶበታል።

መጀመሪያ በ1988 መገባደጃ ያብዎና በተባለው ቤተ መንግሥት ተገጣጥሞ ነበር፤ ንግግሩ ሲጓተት ማንም ሳይቀመጥበት ተፈታ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1989 ዋርሶ መሐል በሚገኝ ሌላ ቤተ መንግሥት ዳግም ተገጥሞ ተቀመጡበት።

ሁሉም ተሰብስበው የተቀመጡበት ግን በመክፈቻውና ኤፕሪል 5 ቀን በመዝጊያው ብቻ ነው። ዋናው ድርድር በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ፣ ከባዱም ማግዳሌንካ በተባለ ስፍራ በዝግ ተካሄደ። ታዲያ ያ ሁሉ እንጨት ለምን ባከነ? ባከነ አልልም። ሕገ ወጥ ተብሎ የኖረው ማኅበር ከመንግሥት እኩል ተቀምጦ ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው በዚያ ጠረጴዛ ነው። በጁን ምርጫ ሶሊዳሪቲ ከ100 የሴኔት መቀመጫዎች 99ኙን ወሰደ።

ጠረጴዛው ለብዙ ዓመታት በዚያው ቤተ መንግሥት ለእይታ ቆሞ ነበር። ገዢዎቹ ያለ ቅጣት ያመለጡበት ነው ብለው እስከ ዛሬ የሚረግሙት ፖላንዳውያንም ጥቂት አይደሉም።