የጠመንጃ ቅባትና መወልወያ በታሪክ

ስለ ጦርነት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት የጦር አበጋዞችን ጀግንነት፥ የሠራዊቱን ብዛትና የመሣሪያውን ዐይነት ነው። ወታደሩ ከተኩስ በኋላ ጠመንጃውን በምን እንደ ወለወለውና በምን ቅባት እንደ ቀባው የሚጽፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩ የጨርቅና የዘይት ጉዳይ ስለ ሆነ ለታሪክ የማይበቃ ተራ ሥራ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ጠጋ ብለን ስንመረምር፥ አንድ ቅባት ያለ ምክር በመመረጡ በታላቅ አገር ላይ እሳት እንደ ተጫረ፥ መወልወያም በመታጣቱ ብዙ ወጣቶች በጦር ሜዳ እንደ ወደቁ እናገኛለን። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን የተረሳ ነገር ከታሪክ እያጣቀስን ለአንባብያን ልናቀርብ አስበናል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃ ስለምን እንደሚወለወል ማስታወስ ያስፈልጋል። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ የሚሠራው ከመቶው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባለው ጨው፥ 15 እጅ ከከሰል፥ 10 እጅ ከድኝ ነበር። ይህ ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ደቃቅ ዐመድ ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ በጢስ መልክ ሲወጣ ከፊሉ በበርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል። ይህም ጥቀርሻ የጨው ባሕርይ ስላለው ከአየር እርጥበትን እየሳበ ብረቱን በአጭር ጊዜ ያዝገዋል። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነበር፤ ጨው በውሃ ስለሚሟሟ በርሜሉን በሙቅ ውሃ አጥቦ፥ በጨርቅ አድርቆ፥ ስብ ወይም ዘይት መቀባት ይበቃ ነበር። በ1896 ዓ. ም. አባቶቻችን በዐድዋ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራም የተሠራው ለዚሁ ለጥቁር ባሩድ ነበር።

በአፈ ሙዛቸው በኩል ለሚጎርሱት ጠመንጃዎች ደግሞ ጥቀርሻው ሌላ ችግር ያመጣ ነበር። እንግሊዞች በ1853 ዓ. ም. ያወጡት ኤንፊልድ የሚባለው ጠመንጃ የበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ስለ ሆነ፥ ከቀድሞዎቹ ይልቅ አርቆና አነጣጥሮ ይመታ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ጥቀርሻው ቦዩን እየሞላ አዲሱን ጥይት ወደ ውስጥ ለመግፋት ያስቸግራል። ስለዚህ ባሩዱና እርሳሱ በአንድነት በወረቀት ይጠቀለሉና እርሳሱ ያለበት ጫፍ በቀለጠ ቅባት ይነከር ነበር። ቅባቱ ጥይቱን ያንሸራትተዋል፥ ጥቀርሻውንም ያለሰልሰዋል። ወታደሩም በሥልጠናው እንደ ተማረው የወረቀቱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይቀድና ባሩዱን ያፈስሳል፤ ከዚያም እርሳሱን በዘንግ ይገፋዋል።

እንግዲህ ቅባቱ የምን ቅባት ይሁን? ለመሣሪያ ዐዋቂው ጥያቄው የሙቀትና የዋጋ ጥያቄ ብቻ ነበር። ሞራ ርካሽ ነው፤ ከሰም ጋር ሲደባለቅም በቆላ ሙቀት ፈጥኖ አይቀልጥም። ዳሩ ግን ጠመንጃው የሚሰጠው በህንድ አገር ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ወታደሮች ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ላም የተቀደሰች ናት ብለው የሚያምኑ ከከፍተኛው ወገን የተወለዱ ሂንዱዎች ሲሆኑ፥ የቀሩት ዓሣማ ርኩስ ነው የሚሉ እስላሞች ነበሩ። የላም ወይም የዓሣማ ሞራ በጥርሱ የነካ ሂንዱ ከወገኑ ተለይቶ፥ ከዘመዶቹ ጋር በአንድ ማዕድ ሳይቀርብ መኖር ግድ ይሆንበታል። ይህ ለእርሱ ከሞት የማይሻል ዕጣ ነበር።

ነገሩን አስቀድሞ ያስተዋለ ሰው አልታጣም። በቤንጋል ሠራዊት ከነበሩት ከፍተኛ መኰንኖች አንዱ የሆነው ኮሎኔል ታከር፥ የቅባቱ ዐይነት የወታደሮቹን ሃይማኖት የማይነካ መሆኑ ሳይረጋገጥ ጥይቱ እንዳይታደል በታኅሣሥ 1853 ዓ. ም. ለበላዮቹ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ደረሰ፤ ከመዝገብም ገባ፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጥይቱ በካልካታ በሚገኘው የመሣሪያ ግምጃ ቤት መሠራት ሲጀምር፥ ሞራ አቅራቢው ነጋዴ ሞራው የምን እንስሳ እንደ ሆነ እንኳ አልተጠየቀም።

በጥር 1857 ዓ. ም. በካልካታ አጠገብ ዱም ዱም በምትባለው የጦር ሰፈር አንድ ከዝቅተኛ ወገን የሆነ የቀን ሠራተኛ አንዱን ብራህማን ወታደር ከዕቃው ውሃ እንዲያጠጣው ለመነው። ወታደሩ ዕቃዬ ይረክሳል ብሎ ቢከለክለው፥ ሠራተኛው በቅርቡ የላምና የዓሣማ ሞራ የተቀባ ጥይት ስለምትነክሱ የምትኰሩበት ወገን አይኖራችሁም ብሎ መለሰለት ይባላል። ወሬው ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ። መንግሥትም ፈጥኖ ወታደሮቹ የሚወዱትን ቅባት፥ ለምሳሌ ሰምና የአትክልት ዘይት፥ ራሳቸው ገዝተው እንዲቀቡ ፈቀደ፤ ቆይቶም ወረቀቱ በጥርስ መነከሱ ቀርቶ በእጅ እንዲቀደድ አዘዘ። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ የመጣው ግን እምነት ከጠፋ በኋላ ነው። እንዲያውም ብዙዎች ማረሚያውን እንደ ኑዛዜ ቈጠሩት፤ ጥርጣሬውም ከቅባቱ ዐልፎ ወረቀቱ ስለምን ያብለጨልጫል ወደ ማለት ደረሰ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1857 ዓ. ም. በሜሩት ከተማ ለልምምድ ከተሰለፉት 90 ፈረሰኞች 85ቱ ጥይት አንቀበልም አሉ። የሚያሳዝነው ነገር በዚያን ቀን የቀረበላቸው ጥይት አዲሱ ሳይሆን ዘወትር የሚተኩሱበት አሮጌው ዐይነት መሆኑ ነው። በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ግንቦት 9 ቀን በሠራዊቱ ፊት በእግር ብረት ታሰሩ። በማግስቱ ባልንጀሮቻቸው ተነሡ፤ እስረኞቹን ፈትተው፥ መኰንኖቻቸውን ገድለው ወደ ዴልሂ ገሠገሡ። ከዚያ የተቀጣጠለው ጦርነት ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ፤ ከሁለቱም ወገን ስፍር ቍጥር የሌለው ሰው አለቀበት። በነሐሴ 1858 ዓ. ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ህንድን የመግዛት ሥልጣን ከኩባንያው ተወስዶ ለንግሥቲቱ መንግሥት ተሰጠ። በእርግጥ ቅባቱ ብቻውን ይህን ሁሉ አላመጣም። በ1856 ዓ. ም. አውድ የሚባለው ግዛት ከንጉሡ መነጠቁ፥ የመሬት ግብር መክበዱና ሃይማኖታችን ሊለወጥብን ነው የሚለው ስጋት እንጨቱን አስቀድመው ከምረውት ነበር። ቅባቱ ክብሪቱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ ባሩዱም ተለወጠ። በ1886 ዓ. ም. ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ያገኘው ጢስ አልባ ባሩድ ለሌቤል ጠመንጃ ዋለ፤ ሌሎች መንግሥታትም ተከተሉ። ጥቀርሻው ስላነሰ ብዙ ሰዎች ውሃ ከእንግዲህ አያስፈልግም፥ ዘይት ብቻ ይበቃል ብለው ደመደሙ። ነገር ግን በሚገባ ተወልውሎ ዘይት የተቀባው ጠመንጃ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲታይ በርሜሉ ዝጎ ይገኝ ጀመር። ጥፋቱ የባሩዱ ሳይሆን በቀለሁ ግርጌ የሚገኘው እሳት ጫሪ ነበር። በእርሱ ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ክሎሬት ሲነድ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ይተዋል፤ ይህም ጨው እርጥበት ይስባል። ዘይት ደግሞ ጨውን ይሸፍነዋል እንጂ አያሟሟውም። ስለዚህ ወታደሩ ዘይት በቀባ ቍጥር ጠላቱን ከቤት ውስጥ ሸሽጎ በር የዘጋ ያህል ነበር።

ይህን ያስተዋሉት እንግሊዞች ከተኩስ በኋላ የፈላ ውሃ በበርሜሉ ውስጥ አፍስሰው፥ በጨርቅ አድርቀው፥ ከዚያ በኋላ ዘይት መቀባትን ልማድ አደረጉ። ሊ ኤንፊልድ በሚባለው ጠመንጃቸው ሰደፍ ውስጥም ትንሽ የዘይት ጠርሙስና ጨርቅ የሚጎትት ገመድ ይቀመጥ ነበር። በዚያው ዘመን ጥቀርሻ የሚያሟሙ ልዩ ልዩ ፈሳሾች ለገበያ ወጡ፤ በ1903 ዓ. ም. በአሜሪካ የወጣው የሆፕ ቍጥር 9 እና በጀርመን አገር የተሠራው ባሊስቶል ከእነዚህ የታወቁት ናቸው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ለጠመንጃ የሚደረገው እንክብካቤ ሦስት ሥራ ነው፤ እድፉን ማሟሟት፥ የሚንቀሳቀሰውን ብረት ከፍትጊያ ማዳን፥ ብረቱን ከዝገት መጠበቅ። ለአንዱ ሥራ የተመረጠ ፈሳሽ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል፤ መራጩ እድፉ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ማጽጃውን ሊያውቅ አይችልም።

የአገሩ አየርም ሌላ መራጭ ነው። በ1950 ዓ. ም. መጨረሻ በኮሪያ ቾሲን በተባለው ሐይቅ አካባቢ የተዋጉት የአሜሪካ ወታደሮች የጠመንጃቸው ዘይት በብርድ ረግቶ አልተኩስ ስላላቸው፥ አንዳንዶቹ የጠጕር ቅባት እስከ መቀባት ደርሰዋል። የእኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ዓ. ም. ወደዚያው አገር ዘምተው የብርዱን ወራት በተራሮቹ ላይ አሳልፈዋል። እንዲህ ባለው ብርድ ጠመንጃን በሥሡ መቀባት እንጂ ዘይት ማብዛት እንደሚጐዳ፥ በአሸዋ አገርም የበዛ ዘይት አቧራ እየያዘ እንደ ሞረድ ብረቱን እንደሚበላው የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌ የቬትናም ጦርነት ነው። አሜሪካኖች ኤም 16 የተባለውን አዲስና ቀላል ጠመንጃ ለሠራዊታቸው ሲያድሉ፥ ብዙ መወልወል አያስፈልገውም የሚል አሳብ ተሰራጭቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ለብዙ ወታደሮች የመወልወያ ዘንግና ብሩሽ አልታደለም። ከዚህም በላይ ጠመንጃው መጀመሪያ የተሞከረበት ባሩድ ተለውጦ ይበልጥ በሚያጠቍር ሌላ ባሩድ ተተካ። በዚያ እርጥበት በበዛበት አገር ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ ከቦታው አልወጣ ይል ጀመር። ቀለሁን ከአፈ ሙዙ በኩል ገፍቶ ለማውጣት ዘንግ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ግን አልነበረም። ወታደሮቹም መወልወያና ዘይት ላኩልን እያሉ ወደ ወላጆቻቸው ይጽፉ ነበር። በ1967 ዓ. ም. አንድ ወታደር የጻፈው ደብዳቤ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተነበበ፤ የሞቱት ጓደኞቹ የተገኙት ሊጠግኑት የፈታቱት ጠመንጃ በአጠገባቸው እንዳለ ነው የሚል ቃል ነበረበት። ምክር ቤቱ የመረጠው ኰሚቴም ነገሩን መርምሮ በዚያው ዓመት ባወጣው መግለጫ ባለሥልጣኖቹን አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያ በኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ክፍል በክሮም ተለበጠ፤ መወልወያውና ዘይቱ ታደለ፤ ወታደሩ በቀላሉ እንዲማርም ዊል አይዝነር የተባለው ሠዓሊ በሥዕል ያዘጋጀው መምሪያ ታትሞ ተሰጠ። የጠመንጃውም እንከን እየቀነሰ ሄደ።

እነዚህን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በካልካታም ሆነ በቬትናም ምርጫው የተደረገው በጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዋጋው የተከፈለው ግን በሜዳ ነው። በሁለቱም ስፍራ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ጽፎም ነበር። ኮሎኔል ታከር በጻፈበት ጊዜ የሚያነብና የሚሠራበት ቢገኝ ኖሮ፥ ሰም በዘይት ማደባለቅ ያን ያህል ከባድ ሥራ ባልሆነ ነበር። አባቶቻችን «ምክር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት ለንጉሥ ብቻ አይደለም፤ ለሌላው መገልገያ የሚመርጥ ሹም ሁሉ በቃሉ ውስጥ አለበት። ዕቃውን የሚገዛው ባለሥልጣን በእጁ ይዞ የሚሠራበትን ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መምህሩም ተማሪውን ይህ ይጠቅማል ከማለቱ በፊት ለምን እንደሚጠቅም ያስረዳው። ተማሪው ደግሞ ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ሲያነብ፥ በጠመንጃው ሰደፍ ውስጥ የምትቀመጠውን ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አይርሳ።