አጥንት ሲሳብ

ስብራት ከተነካካ አይጠገንም እየተባልን ነው ያደግነው፤ ወጌሻም የሚለን ይህንኑ ነው። በምዕራብ ሳይቤሪያዋ ኩርጋን ግን ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እግር በቀለበትና በሽቦ አስሮ፣ የተቆረጠውን አጥንት ቀስ እያደረገ ያራርቀው ጀመር። በቀን 1 ሚሊሜትር! ያውም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ። ክፍተቱን አዲስ አጥንት ሞላው። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ግንድ ሕዋሳት መሳቡ ይሰማቸዋል፣ አጥንት ሠሪ ወደ መሆንም ይለወጣሉ። ከፈጠነ ጠባሳ ብቻ ይተርፋል፤ ከዘገየ ደግሞ ሳይረዝም ይገጥማል።

የሞስኮ ፕሮፌሰሮች ግን የገጠር ሐኪሙን ለዓመታት ናቁት። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያጠለቀው ቫሌሪ ብሩሜል በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቀቀ። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አላዳነውም። በ1968 ኢሊዛሮቭ ዘንድ ሄደ፤ ድኖም ዳግም ዘለለ። በ1971 ኩርጋን ውስጥ ኢሊዛሮቭ የሚመራው የምርምር ተቋም ተቋቋመ።