ነፍስ በማኅፀን ሳለች ታውቃለችን? የአንኮበር ክርክርና የሕንድ ፍልስፍና

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎረቤላ የሚደርስ ሰው፣ የቀድሞው የሸዋ ነገሥታት ከተማ አንኮበር የነበረበትን ኮረብታ ከፊቱ ያገኘዋል። ዛሬ የወረዳው አስተዳደር መቀመጫ ጎረቤላ ናት፤ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ከፍታና በዙሪያው ያሉት አድባራት ግን ያለፈውን ዘመን ያስታውሳሉ። ይህ ስፍራ ለነገሥታት ታሪክ ብቻ ሳይሆን ለአሳብም ታሪክ የሚጠቀስ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የሰው ነፍስ ዕውቀትን የምታገኘው መቼ ነው የሚል ጥያቄ የአንኮበርን ካህናት ከፋፍሎ ነበርና።

የክርክሩን ወሬ ለውጭው ዓለም ያደረሱት ሁለት እንግዶች ናቸው። አንደኛው ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ሁለተኛው የእንግሊዝ የሕንድ መንግሥት ከቦምቤይ ልኮት በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሸዋ የገባው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ነው። ሁለቱ እንደጻፉት፣ የሰው ነፍስ በእናቷ ማኅፀን ሳለች ታውቃለች፣ ትጾማለች፣ ትጸልያለች የሚል ትምህርት በሸዋ ተሰብኮ ነበር። ሐሪስ ክርክሩን በንቀት ዓይን ቢመለከተውም፣ ለተከራካሪዎቹ ግን ጉዳዩ የዋዛ አልነበረም። ነፍስ ከመወለዷ በፊት የምታውቅ ከሆነች፣ ሳይወለድ የሞተ ሕፃን ስለ ሥራው ይጠየቃልን? የማታውቅ ከሆነችስ፣ ዮሐንስ መጥምቅ በኤልሳቤጥ ማኅፀን ሳለ በደስታ መዝለሉ እንዴት ይተረጐማል?

ጥያቄው ብቻውን አልቆመም፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከተነሣው ትልቅ ክርክር ጋር ተቈራኘ። የደብረ ሊባኖስ ወገን ሦስት ልደትን፣ ይኸውም ከአብ፣ ከእመቤታችን ማርያምና በመንፈስ ቅዱስ የተደረገውን የጸጋ ልደት ሲያስተምር፣ ካራ የተባለው ወገን ግን ሁለት ልደትን ብቻ ይቀበል ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሦስት ልደት አደላ። ሐሪስ እንደጻፈው፣ ሦስቱን ልደት የካደ ሀብቱን እንዲወረስና ከአገር እንዲሰደድ ዐዋጅ ተነገረ። በ1834 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ደግሞ ተቃራኒውን ትምህርት ስለደገፉ፣ ንጉሡና ጳጳሱ ተጋጩ። በዚህ መካከል የእንጀራቸውና የሹመታቸው መሠረት የተናጋው ካህናቱ ነበሩ።

ሐሪስ መርከብ የተሳፈረባት አገር፣ ሕንድ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከጥንት ጀምራ ታውቀዋለች። ጋርብሃ ኡፓኒሻድ የተባለው አነስተኛ መጽሐፍ ስለ ፅንስ አፈጣጠር በዝርዝር ሲናገር፣ በዘጠነኛው ወር ፅንሱ የአካሉም የዕውቀቱም ምልዓት እንደሚኖረው፣ ያለፉ ልደቶቹን እንደሚያስታውስ፣ መልካሙንና ክፉውን ሥራውን እንደሚያውቅ፣ ከማኅፀን ቢወጣ ወደ አምላክ እንደሚጠጋ ቃል እንደሚገባ ያስተምራል። በተወለደ ጊዜ ግን ያንን ሁሉ ይረሳል። እንግዲህ በሕንዱ ትምህርት መሠረት ሰው በሕይወቱ የሚማረው አዲስ ነገር ሳይሆን የረሳው ነው ማለት ይቻላል።

መመሳሰሉ ግን ልዩነቱን ሊሸፍነው አይገባም። በአንኮበር የተነሣው ክርክር ነፍስ ከሥጋ በፊት ነበረች፣ ወይም ከአካል ወደ አካል ትዘዋወራለች የሚል አልነበረም፤ ነፍስ አንድ ጊዜ ተፈጥራ፣ አንድ ጊዜ ኖራ፣ አንድ ጊዜ ለፍርድ እንደምትቀርብ ሁለቱም ወገኖች ያምኑ ነበር። ለሂንዱው ሊቅ ግን የማኅፀኑ ዕውቀት በብዙ ልደቶች የተጠራቀመ ስንቅ ነው።

ከዚህ ልዩነት በስተጀርባ ስለ መለኮታዊ መገለጥ ያለው አስተሳሰብ ይገኛል። ሂንዱዎች ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን በሁለት ይከፍላሉ፤ እነርሱም «የተሰማ» የሚሉት ሽሩቲና «የታወሰ» የሚሉት ስምሪቲ ናቸው። አራቱ ቬዳዎች ከነኡፓኒሻዶቻቸው ከመጀመሪያው ክፍል ናቸው። የሚማምሳ ትምህርት ቤት ቬዳ ሰውም አምላክም ያልደረሰው፣ ዘላለማዊ ቃል ነው ሲል፣ የኒያያ ሊቃውንት ደግሞ ደራሲው አምላክ ነው ብለው ተከራክረዋል። እዚያም እንደ ሸዋ ሁሉ የመገለጥ ምንጭ አከራካሪ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህን አሳብ ወደ ፊት ያራመደው ሽሪ ኦሮቢንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በካልካታ ተወልዶ፣ በካምብሪጅ ተምሮ፣ ለሕንድ ነፃነት በመታገሉ እ.ኤ.አ. በ1908 ታስሮ በተከታዩ ዓመት በነፃ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ ፖንዲቼሪ ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1950 በዚያ ኖረ። «አርያ» በተባለው መጽሔቱ ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ከግዑዝ ነገር ሕይወት፣ ከሕይወትም አእምሮ እንደተገለጠ ሁሉ፣ ከአእምሮ በላይ የሆነ መለኮታዊ ንቃተ ኅሊናም ወደ ፊት በምድር ላይ ይገለጣል አለ። በእርሱ አመለካከት ሰው የመጨረሻው ፍጥረት ሳይሆን የመሸጋገሪያ ፍጥረት ነው። መገለጥም በጥንት መጻሕፍት ተዘግቶ የቀረ አይደለም።

በኢትዮጵያ የነገሩ መፍትሔ በሌላ መንገድ መጣ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ ሁለት ልደትን የሚያስተምረው ተዋሕዶ ጸና። በሣህለ ሥላሴ ዘመን በዐዋጅ የበረታው ትምህርት በልጅ ልጁ ዘመን በዐዋጅ ቀረ።

የሁለቱ አገሮች ታሪክ ሲነጻጸር አንድ ቁም ነገር ይገኛል። በሕንድ ስለ ነፍስ የተነሡ ተቃራኒ ትምህርቶች ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ በሸዋ አንዱ ሌላውን ለማስወጣት የመንግሥትን ክንድ ጠራ፤ ያ ክንድ ሲዞርም ጠሪውን መታው። ስለ ማኅፀኑ ዕውቀት የተነሣው ጥያቄ ግን በየትኛውም ዐዋጅ መልስ አላገኘም። የአንኮበር ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ሲሉ ሹመታቸውንና መኖሪያቸውን ለአደጋ መስጠታቸው፣ በዚያ ከፍታ ላይ ከጦርና ከግብር ሌላ አሳብም ታላቅ ዋጋ እንደነበረው ያስረዳል። ለዛሬው ተመራማሪም ጎረቤላ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ያየ ሰው፣ በአድባራቱ ዙሪያ የተነገረውንም ቃል ይመርምር።