የወላይታ ነገሥታት ካቦችና ኬላዎች

በወላይታ ሶዶ ከተማ አናት ላይ ከሚገኘው የዳሞታ ተራራ ሆኖ ዙሪያውን ለተመለከተ ሰው፣ ቀድሞ የካዎ ማዕረግ በነበራቸው ነገሥታት ሲተዳደር የኖረው ምድር በሰፊው ተዘርግቶ ይታየዋል። በምዕራብ የኦሞ፣ በምሥራቅ የብላቴ ወንዞች፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የአባያ ሐይቅ የተፈጥሮ ወሰን ሆነው አገልግለዋል። ነገሥታቱ ግን በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ ሕዝቡን አስተባብረው ካብ አስክበዋል፤ ጉድባም አስቆፍረዋል። በስማቸው ከሚታወቁት መካከል በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የአማዶ ኬላና የእጃጆ ኬላ ይገኙበታል።

ዛሬ በአማርኛ የፍተሻና የቀረጥ ጣቢያ መጠሪያ የሆነው ኬላ፣ በዚያ ዘመን የመንግሥት በር ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በነበሩት በከፋና በጅማ መንግሥታትም ተመሳሳይ አሠራር እንደነበር ይታወቃል። ነጋዴ ወደ አገር የሚገባው በኬላው በኩል ሲሆን፣ ጠባቂዎቹም ማንነቱን ሳያረጋግጡ አያሳልፉትም። የመብራት ማማ ለወደብ የሚሰጠውን አገልግሎት ኬላው ለእነዚህ መንግሥታት ይሰጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መጪውን አስቀድሞ ያያል፣ መግቢያውንም ያመለክታል። ልዩነቱ ኬላው ያልተፈለገውን መመለሱ ነው።

ከኦሞ ማዶ በዳውሮ የሚገኘውና በካቲ ሃላላ ስም የሚጠራው ካብ የዚሁ የግንባታ ጥበብ ታላቁ ምስክር ነው። ድንጋዩ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ እርስ በርሱ እየተገጣጠመ የተደረደረ ነው። ደረቅ ካብ ከግርጌው ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይውላል፣ ክፍተቱም በጠጠር ይሞላል። ማጣበቂያ ስለሌለው የክረምት ውኃ ሳይታቆር በመካከሉ ያልፋል፤ መሬቱ ጥቂት ቢሰምጥም ካቡ አብሮ ይሰምጣል እንጂ ወዲያው አይሰነጠቅም። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ከመካከሉ አንድ ድንጋይ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር ከተነሳ ከላይ ያሉት ይከተላሉ። ጉድባ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ደለል ይሞላዋል፣ ሲታረስም ከእርሻው ተለይቶ አይታይም።

የወላይታ መንግሥት ነፃነት ያበቃው በ1887 ዓ.ም ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራስ ሚካኤልንና የጅማውን ንጉሥ አባ ጅፋርን አስከትለው በዘመቱበት በዚያ ጦርነት፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ከብርቱ መከላከል በኋላ ቆስለው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የእልቂቱን ብዛት በዓይኑ እንዳየው ጽፏል። ከዚያ በኋላ ኬላውን የሚጠብቅ ዘብ፣ የፈረሰውንም ካብ መልሶ የሚያስክብ ንጉሥ አልነበረም።

በዚህ ረገድ ኮንሶ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮቹና የእርከን እርሻዎቹ በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። እስከዚያ ጊዜ ያቆያቸው ግን መዝገቡ አይደለም፤ ገበሬው እርከኑ ስለሚያስፈልገው በየጊዜው ይጠግነዋል። የዳውሮው ካብም በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር፣ በኮይሻ ፕሮጀክት በተገነባው ሃላላ ኬላ ማረፊያ አማካይነት ስሙ ለጎብኚ ደርሷል። የወላይታዎቹ ኬላዎች ስማቸው የዚህን ያህል አልተሰማም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪያስረክብ ድረስ እንዲጠብቀው ደንግጓል። ይሁንና በቁፋሮ የሚወጣ ሸክላ ወይም ሐውልት ቅርስ መሆኑን መለየት ቀላል ሲሆን፣ በዳገት ላይ የተኮለኮለ ድንጋይ ግን ለመንገድ ሠራተኛው የተዘጋጀ ጠጠር ሊመስለው ይችላል። ስለዚህም የመንገድ መሥመር ወይም የድንጋይ ካባ ፈቃድ ከመጽደቁ በፊት የካቡን አቅጣጫ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ከፈረሰ በኋላ ሪፖርት ከመጻፍ ይልቅ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀል ሥራ ነው።